የጀልባዎቹ ቁጥር

ኑኩኖኑ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2013

ለእህቴ ልጅ ለአካታ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ሰው የሚያንገላታው የፖሪሩዋ ከተማ ንፋስስ? እኛ እዚሁ እንደተውሽን አለን። እናትሽ ትቆጣለች፣ ወንድምሽ ዓሣ ያጠምዳል፣ እኔም የሬዲዮ ቤቱን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት እፈልጋለሁ።

ስለ እናትሽ እግር ላነሳሽው፣ እብጠቱ ቀንሷል። «ቀንሷል ብለህ ጻፍላት» ያለችኝ እሷ ናት፤ እኔም አይቼ ነው የጻፍኩት፤ ስለዚህ ግማሹን እመኚ።

የላክሽው ካርቶን በደህና ገብቷል። ስድስቱ ሳጥኖች ለስድስቱ ጀልባዎች፣ ትልቁ ማሽን ደግሞ ለእኔ። አሮጌው ማሽን ጨው በልቶት የሞተበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እንዳዘዝሽኝ ፕሮግራምሽን ከፈትኩ። ወዲያው በቀይ ጽሑፍ ሰደበኝ። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ስይዝ እንዲህ የተሳደበ መሣሪያ አላየሁም። ከስድቡ ሁሉ የገባኝ የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው፤ የመረብ መገናኛ የምታነብ አንዲት ላይብረሪ ትኖራለች፣ እሷ ካልተጫነች አልሠራም ይላል። ምን እንደሆነች ጻፊልኝ። እዚህ ካለች እፈልጋታለሁ፤ ከሌለችም ልወቀው።

የሳተላይቱ ሳህን ከጃንዋሪው መብረቅ ወዲህ እንደሞተ ነው። መለዋወጫው ይመጣል ብለውናል፤ መቼ የሚለውን የደፈረ የለም። ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መርከባችን ከምትነሳባት ከአፒያ ጋር በሬዲዮ እንነጋገራለን፤ እሱን ግን ሦስቱም ደሴት ቁርሱን እየበላ ያዳምጠዋል። ባለፈው አንድ የአታፉ ደሴት ሰው ለሚስቱ ስለ ኪንታሮቱ ነግሮ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በሄደበት ሁሉ «ተሻለህ ወይ?» ነው ሰላምታው። ስለዚህ የቤታችንን ጉዳይ በመርከብ እንጻጻፍ። ሁለት ሳምንት ቢፈጅም ጆሮ የለውም።

ወንድምሽ ሳካሊያ፣ በደንባችን ወንድም ለእህቱ በቀጥታ ስለማይጽፍ፣ የደረቀ ዓሣ ልኮልሻል። እሱ ነው ደብዳቤው።

አጎትሽ ፋላኒኮ


ፖሪሩዋ፣ ፌብሩዋሪ 24

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታዬን ይቀበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማሽኑም እርስዎም ምንም አላጠፋችሁም።

ላይብረሪ ማለት ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው፣ እኔ ከባዶ እንዳልጀምር የምጠቀምበት ኮድ ነው። ይቺኛዋ ሥራዋ አንድ ብቻ ነው። ማሽኑ ከሌሎች ማሽኖች ጋር የሚገናኝባቸውን በሮች ታያለች፤ የትኛው ክፍት እንደሆነ፣ በላዩም የተጻፈው አድራሻ ምን እንደሆነ አንብባ ትናገራለች። ከዚያ ያለፈ አታውቅም። ጀልባው ላይ ያለው ሳጥን በእሷ በኩል አድራሻውን አንብቦ በየደቂቃው «እዚህ ነኝ» ይላል። የእርስዎ ማሽን ይሰማዋል። አንዱ ሳጥን ድምፁ ከጠፋ፣ ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቶ ይጮኻል። እሷ ከሌለች ግን የሚጣራም የሚሰማም የለም። እኔ ቤት ሁልጊዜ ስላለች፣ መኖሯን ረሳሁት። እዚህ አንድ መስመር ጽፈው ትንፋሽ እስኪወስዱ ድረስ ከኢንተርኔት ወርዳ ትጫናለች።

በዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከወተቱ ሥር፣ በላስቲክ የጠቀለልኩት ፍላሽ አለ። ላይብረሪዋ በውስጡ ናት። የምትጫንበትን ትእዛዝ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ በትልቁ ማሽንም በስድስቱም ሳጥኖች ላይ እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ለሳጥኖቹ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ይስጧቸው። አድራሻቸው ከዚያ ቁጥር ነው የሚወጣው። እንደገና ከሰደበዎት ስድቡን በሙሉ ገልብጠው ይላኩልኝ።

ምን አስቸኮለሽ ቢሉኝ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ግን ልጻፈው። አባታችን የጠፋ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ማዶ ደሴቷ ላይ አድሮ ይሆናል» እየተባለ ሁለት ቀን ተጠበቀ። ሰው ሊፈልገው ሲወጣ ባሕሩ ይዞት ሄዷል። አሁን ሳካሊያ በዚያው በኮራሉ አጥር በር ብቻውን ወደ ውጭው ባሕር ይወጣል። እማዬም ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕር ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ የሚመለሱትን ጀልባዎች ትቆጥራለች። ያንን «ይሆናል» የሚሉትን ቃል ከቤታችን ላወጣ ነው ይህን ሁሉ የሠራሁት። እባክዎን፣ ሳጥኑ እስኪሠራ ሳካሊያ ከኮራሉ ውጭ እንዳይወጣ ይንገሩት።

አክባሪዎ አካታ


ኑኩኖኑ፣ ማርች 11

ለአካታ፣

ወተቱን እናትሽ ወሰደችው፣ ፍላሹን ለእኔ ተወችልኝ። ከቤቱ የደረሰኝ ድርሻ ይኸው ነው።

ትእዛዝሽን ፊደል ሳልስት ጻፍኩ። ማሽኑ መጀመሪያ ደስ ያለው መሰለ። መስመር በመስመር ሲያወርድ «ተገላገልኩ» ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ፤ ከዚያ ቀዩ ጽሑፍ መጣ። አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራት ጊዜ ሰደበኝ። ባለፈው «ስድቡን በሙሉ» ስላልሽኝ፣ ይኸው ቀዩን ሁሉ በእጄ ገልብጬ ሁለት ገጽ ሞልቼ ልኬልሻለሁ። የማላውቀውን ቋንቋ ስገለብጥ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሚስቴ «ለማን ነው እንዲህ የምትጽፈው?» ብላ ጠርጥራኝ ነበር።

ሳካሊያን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «እህቴ ያለችው ልክ ነው» አለ። በማግስቱ ማለዳ ጀልባውን ሲገፋ አየሁት። «ምን አልኩህ?» ስለው «አጎቴ፣ የእናቴ ቤት ምን ይብላ? ቀዩን ጽሑፍ?» አለኝ። እኔም ምሳዬን የበላሁት ከእሱ ዓሣ ነው።

የቁጥሩ ነገር ደግሞ ያልጠበቅነውን ወሬ አመጣ። ለአላፓቲ ቤት ጀልባ አንድ፣ ለማኑዌሌ ቤት ሁለት ብዬ በኖራ ልጽፍ ስል ማኑዌሌ እጄን ያዘኝ። «ሁለተኛ ያደረገኝ ማን ነው?» አለ። የስድስተኛውን ቤት ሰዎችማ ተዪኝ። ሽማግሌው አላፓቲ ራሱ «አንደኛ መሆን አልፈልግም፤ ነገ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ተቀመጠ። እውነታቸውን ነው፤ የመንደሩ ዓሣ ለየቤቱ ሲከፈል ማንም ፊተኛ ማንም ኋለኛ የለም። ምክር ቤቱ ሊመክርበት ይዞታል። አንቺ ምን ትያለሽ?

አጎትሽ


ፖሪሩዋ፣ ማርች 25

ለተከበሩ አጎቴ፣

እጅዎን ብስመው ደስ ባለኝ። ሁለቱን ገጽ አንድም ፊደል ሳይስቱ ነው የገለበጡት። ጥፋቱን ከሁለተኛው ገጽ አምስተኛው መስመር ላይ አገኘሁት። ያቺ ላይብረሪ ዝግጁ ሆና አትመጣም፤ ማሽኑ ላይ እንደገና መሠራት አለባት። ለመሠራት ደግሞ እኔ ያልላክሁት መሣሪያ ያስፈልጋታል። ያንን መሣሪያ ብልከው እሱም ሌላ ነገር ይጠይቃል። በኢንተርኔት ቢሆን አንዱ ሌላውን ራሱ ጎትቶ ያመጣው ነበር። እኔ ግን የምጎትተው በመርከብ ነው፤ አንድ ጊዜ በተሳሳትኩ ቁጥር አንድ ወር ይሄዳል። ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ የእርስዎን ማሽን የመሰለ ማሽን ፈልጌ አግኝቼ፣ ላይብረሪዋን እዚሁ ሠርቼ ጨርሻታለሁ። የሚቀርዎት መገልበጥና አንድ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ዝም ካለ ደስ ብሎታል ማለት ነው። ሁለት ፍላሽ ልኬያለሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ከማሽኑ ላይ ገመዱን ነቅዬ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

የቁጥሩን ጉዳይ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ስንት ዘመን ሙሉ ዓሣ ሲያካፍሉ አንድ ሰው ተከፍቶ የማያውቅ ሽማግሌዎች ስድስት ቁጥር ማካፈል አያቅታቸውም። ለእነሱ ይተዉት። እኔ ከዚህ ሆኜ በቤታቸው ጉዳይ ብገባ ነውር ነው።

ሳካሊያን አልቆጣውም። ዓሣው ደርሶኛል። ከቢሮ ሰዎች ተደብቄ በእጄ በላሁት።

አክባሪዎ አካታ


ኑኩኖኑ፣ ኤፕሪል 9

የእህቴ ልጅ!

ሠራች! ቀይ የለም! ትእዛዙን ጽፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ማሽኑ ዝም ብሏል፤ ዝም ሲል ደግሞ ደስ ብሎታል ማለት እንደሆነ አንቺ ነግረሽኛል። ከዚያ ላይብረሪዋን ጠየቅኋት። በሮቹን አንድ በአንድ ጠራችልኝ፤ ይኸኛው ዝግ ነው፣ ይኸኛው ክፍት ነው፣ አድራሻው ይህ ነው። ደገምኩና ጠየቅኋት፤ ያንኑ መለሰች። እንዲህ ቃሏን የማታጥፍ በዚህ መንደር የለችም። ይህን ለሚስቴ እንዳትነግሪብኝ።

በስድስቱም ሳጥኖች ላይ ጫንኳት። የቁጥሩንም ጉዳይ ምክር ቤቱ በሰላም ጨርሶታል። ሁሉም እኩል ደረሳቸው፤ ማንም አልተከፋም። አላፓቲ ሲነሳ ማኑዌሌ ክንዱን ይዞ ነው ያስነሳው። ስለዚህ አታስቢ።

ሳካሊያ ማክሰኞ ወጥቶ ነበር። አረንጓዴዋ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። እናትሽን ጠራኋት። ወንበሬን ሰጠኋት፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እያየች ዋለች። ሲመሽ «ያቺ እሱ ናት?» አለችኝ። «እሱ ናት» አልኳት። ወደ ድንጋዩ አልሄደችም። እዚያ መቀመጥ ከጀመረች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቷ ነበረች። እኔ ወንድሟ ነኝ፤ በሕይወቴ ለእህቴ ካደረግሁላት ነገር ሁሉ ይህ ይበልጣል። ለአንቺም ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምጽፍ አላውቅም።

እሁድ ካህኑ ማሽኑን ባረኩት። ውሃው ትንሽ ስለበዛ በፎጣ ጠረግሁት።

አጎትሽ ፋላኒኮ


ፖሪሩዋ፣ ኤፕሪል 21

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ አንብቤ ከምወርድበት ሁለት ፌርማታ አለፍኩ። እማዬ ወንበርዎ ላይ መቀመጧን ደጋግሜ አነበብኩት። ፎቶዬን ልኬያለሁ፤ ፊቴ የከሳ የመሰለው ከካሜራው ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ። «አረንጓዴዋ ነጥብ» ብለው ጽፈዋል። ሳጥኖቹ ሁሉ ሲበሩ ስድስት ነጥብ መታየት አለበት። ስለ ሳካሊያ ብቻ ሲያወሩ ይሆናል። ለማንኛውም ላይብረሪዋን በስድስቱም ሳጥን ላይ ጠይቀው፣ የምትሰጠውን አድራሻ ስድስቱንም መስመር ይገልብጡልኝ። ሲመቸዎት ነው፤ አይቸኩሉ።

መርከቧ ረቡዕ ትነሳለች ስለተባለ በችኮላ ጻፍኩት። ለሳካሊያ የዓሣ መንጠቆ በጥጥ ጠቅልዬ አብሬ ልኬያለሁ። እህትህ ናት የላከችልህ አይበሉት፤ ያፍራል። ዝም ብለው ይስጡት።

አክባሪዎ አካታ


ኑኩኖኑ፣ ሜይ 6

ለአካታ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የአፒያ ቢሮ ስለ ወንድምሽ እንደደወለልሽ፣ አንቺም በእነሱ በኩል የላክሽውን መልእክት በሬዲዮ እንዳነበቡልኝ ታውቂያለሽ። ሦስቱም ደሴት ሰምቶታል። የጠየቅሽኝን እዚያ አልመለስኩም። እዚህ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ፣ ለምን አራት ቀን ዘግይቶ ተነገረኝ ላልሽው፤ እኔ ነኝ አትንገሯት ያልኩት። አውሮፕላኑ ፈልጎ እስኪመለስ ድረስ ብዬ ነው። «አግኝተነዋል» ከሚለው ጋር አብሬ ልነግርሽ ፈልጌ ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ቀን ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። የራራሁት ለአንቺ ሳይሆን ለራሴ ነበር።

ሁለተኛው፣ ለምን እስከ ማግስቱ ጠበቁ ላልሽኝ።

ሐሙስ ኤፕሪል 18 ሳካሊያ ማለዳ ወጣ። ሌሎቹ አምስት ጀልባዎች በዚያ ቀን አልወጡም፤ ሳጥኖቻቸው እኔ ቤት ቻርጅ ላይ ነበሩ። ሲመሽ እናትሽ መጣች። «አልተመለሰም» አለች። ስክሪኑን አየሁ። ነጥቧ አረንጓዴ ናት፤ ደህና ነው፣ ቅርብ ነው ትላለች። «አይዞሽ፣ እዚሁ ነው። ማዶ ደሴቷ ላይ አድሮ ይሆናል» አልኳት።

አዎ። ያንኑ ቃል ነው ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ አላወቅሁትም። እሷ ግን አወቀችው፤ ፊቷን አየሁት። ቢሆንም አመነችኝ። ወንድሟ ነኝ፣ ማሽኑም አለ። ቤቷ ገባች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማዶ ደሴቷ ላይ ሊፈልጉት የሄዱት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ነጥቧ ያን ጊዜም አረንጓዴ ነበረች። ጀልባ ሁሉ ወጣ። ከኮራሉ ውጭ ያለው ጅረት በዚህ ወር ወደ ምዕራብ እንዴት እንደሚወስድ አንቺም ታውቂያለሽ።

ያኛው ደብዳቤሽ ከመንጠቆው ጋር የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስድስቱን መስመር ይገልብጡልኝ ብለሻል። ይኸው። የአላፓቲ ቤት፣ አሥር። የማኑዌሌ ቤት፣ አሥር። የሉዊ ቤት፣ አሥር። የሚካኤሌ ቤት፣ አሥር። የፋቱ ቤት፣ አሥር። ስድስተኛው ሳጥን ከወንድምሽ ጋር ነው፤ እሱም አሥር ነው።

ምክር ቤቱ የፈረደው እንዲህ ነበር። አንድም አይኑር፣ ስድስትም አይኑር፤ ሁሉም አሥር ይሁን፣ ፊተኛና ኋለኛ እንዳይኖር። ሁሉም «መልካም» አለ። እኔም መልካም አልኩ፤ በእጄ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ለአንቺ ስጽፍልሽ እኩል ደረሳቸው ብዬ የጻፍኩት ይህንን ነው። አልዋሸሁሽም፤ የነገርኩሽ የመሰለኝን ነው።

አሁን ይገባኛል። ቤቴ ያሉት አምስት ሳጥኖች «አሥር ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ሲሉ፣ ማሽኑ የወንድምሽ ዝምታ አልተሰማውም። ላይብረሪዋ ያልተጻፈውን አላነበበችም። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ይዤ፣ በሬዲዮ ሁለት ሰው በአንድ መጠሪያ እንደማይጠራ እያወቅሁ፣ ይህን እንዴት ሳትኩት? ቀን ቀን ይህንኑ እጠይቃለሁ።

እናትሽ አታናግረኝም። ምግብ ግን ትልክልኛለች።

ፋላኒኮ


ፖሪሩዋ፣ ሜይ 20

አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ማርች ላይ የጻፍኩልዎትን ቅጂ አወጣሁ። «ለእነሱ ይተዉት» ይላል። ስቄበት ነበር፣ ያስታውሱ እንደሆነ። እዚያ ደሴት ላይ ነው ያደግሁት። ዓሣ ሲከፈል ቆሜ ስሜ ሲጠራ ድርሻችንን ተሸክሜ ቤት የገባሁ ልጅ ነኝ። አላፓቲ ቁጥርን እንዴት እንደሚያካፍል ከእኔ በላይ ማወቅ የነበረበት ሰው የለም። ሌላ የውጭ ሰው ቢሆን አላወቀም ይባልለታል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ አውቄም አላሰብኩም።

ሌላም አለ። ፕሮግራሙ ሁለት ሳጥኖች አንድ አድራሻ ይዘው ከሰማ እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል። አንድ መስመር ነው። ትናንት ጻፍኩት፤ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ላይብረሪዋን ለማስጫን ሁለት ወር ስታገል፣ እሷ አንብባ የምትሰጠኝን ምን አደርግበታለሁ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ይህችን መስመር ለማን ልላካት? ለማን ትጠቅማለች?

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ለእማዬ ጥፋቱ የአካታ ነው ይበሏት። እውነት ነው። እርስዎ እዚያው አጠገቧ ነው የሚኖሩት፤ ሳታናግርዎ መኖር አይችሉም። እኔን ብትተወኝ እኔ ሩቅ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ነይ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልመጣም። ደጇ ላይ ቆሜ ምን እላታለሁ? ያንን «ይሆናል» የሚሉትን ቃል ላወጣላት ብዬ፣ በማሽን አስመስዬ መልሼ ያስገባሁባት እኔ ነኝ።

አካታ


ኑኩኖኑ፣ ጁን 3

ለልጄ ለአካታ፣

እንዳልሽኝ አላደረግሁም። ደብዳቤሽን ራሱን ለእናትሽ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረችኝ። «እኔም መልካም ብያለሁ» አለች። የሴቶቹ ጉባኤ ቁጥሩን ሲሰማ እሷ አጠገቤ ነበረች፤ እኔ ረስቼው ነበር። «አሥር ሲሉ ጥሩ ነው ብያለሁ። የልጄ ጀልባ ስድስተኛ እንዳይባል ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

ቅዳሜ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። እኔ ተነሥቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። አላፓቲ «የፈረድኩት እኔ ነኝ» አለ። ማኑዌሌ የሰው ፊት አያይም ነበር፤ እጅህን የያዝኩት እኔ ነኝ አለኝ። ሁሉም ሙሉውን ለራሱ ሊወስድ ሲሻማ፣ እናትሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። እንዲህ አለች፤ «ባሕር የሰጠንን ሁሉ ስንካፈል ኖረናል። አንድ ሰው ብቻውን ይዞ ቤቱ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ይህንንም ማንም ለብቻው አይወስደውም። ይከፈል።»

አካታ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወደ ባሕሩ ዳር፣ ዓሣ ወደሚከፈልበት ቦታ ወረድን። በመሬቱ ላይ ምንም የለም። የሚያከፋፍለው ሰው ቆሞ እንደ ዓሣው ቀን የቤቶቹን ስም በየተራ ጠራ። የተጠራው ሁሉ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ባዶ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። እኔም ተጠራሁ፤ ተቀበልኩ። እናትሽ ተጠራች፤ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ነው እንደገና አጠገቤ የተቀመጠችው።

መጨረሻ ላይ ሰውየው «አካታ» ብሎ ጠራ። ማንም አልወጣም። እኔ ልቀበልልሽ ብዬ ስነሣ እናትሽ ልብሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

የሳጥኖቹን ቁጥር ለየብቻ አድርገናል። ከእንግዲህ በየወሩ ይዘዋወራሉ፤ ዛሬ አንደኛ የሆነው በሚቀጥለው ወር አምስተኛ ይሆናል። ይህን ያሰቡት ሴቶቹ ናቸው፤ እኛ ወንዶቹ አላሰብነውም። ያቺን የጻፍሻትን መስመር ይዘሽልን ነይ፤ ለአምስት ቤት ትጠቅማለች። አሥር ቁጥርን ለማንም አልሰጠንም። ሲመሽ ሲመሽ እናትሽ መጥታ ወንበሬ ላይ ትቀመጣለች፤ ማሽኑን ስለ አሥር ጠይቀው ትለኛለች፤ እኔም እጠይቀዋለሁ። «የለም» ይላል። «እሺ» ብላ ትሄዳለች።

መርከቧ ከአፒያ ጁላይ 2 ትነሳለች። ደጇ ላይ ቆመሽ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም። እናትሽ በቃሏ ይህን ጻፍላት ብላኛለች፤ «ድርሻሽ ባሕር ዳር ነው። ማንም አያመጣልሽም። መጥተሽ ውሰጂ።»

ምንጣፍሽ ከእሷ ምንጣፍ አጠገብ ተዘርግቷል።

አጎትሽ ፋላኒኮ